አልወዳትም ማለት ሴትን መናቅ ነው? ምርጫ ሲቃረብ ሚዛንን የመፈተሻ መንገድ

«ሴት ስለሆነች አይደለም፤ እሷን ነው የማልወዳት።» እጩዎች መተዋወቅ ሲጀምሩ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከጅማው ህርማታ ገበያ የሻይ ቤት አግዳሚ እስከ ዩኒቨርሲቲው መምህራን መዝናኛ ድረስ ትዞራለች። አንዱ ይላታል፣ ሌላው «ሴት ጠል!» ብሎ ይመልሳል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ሁለቱም ተኮራርፈው ይለያያሉ። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ራሱ የተናገረው እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም። የሚዋሽ ሆኖ ሳይሆን ራሱን የሚለካበት ነገር ስለሌለው ነው።

ጠቡ የማያልቀው ሁለት ጥያቄ ስለተደባለቀ ነው። «ወደድካት ወይ?» አንዱ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ስለሆነ ይህን ማንም ማንንም አስገድዶ ማስመለስ አይችልም። «በምን መዘንካት?» ሁለተኛው ነው፤ ይሄኛው ግን ይፈተሻል። ለፍተሻው የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክርቢቶ፣ ከ6 እስከ 8 ሰው እና አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ቡና ነው። ብቻውን ሊሞክረው የፈለገም ይችላል፤ ነገር ግን ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሲሆን ፍርዱ ለራሱ ማድላቱ አይቀርም።

መልሱን ከወዲሁ እንናገረው። አንዲትን እጩ አለመውደድ በራሱ ጾታዊ አድልዎ አይደለም። አድልዎ የሚሆነው ለጥላቻው የቀረበው ምክንያት በወንድ እጩ ላይ ቢገኝ እንደ ምክንያት የማይቆጠር፣ ወይም ክብደቱ የሚቀንስ ሲሆን ነው። ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) የሚሰበስብ ነጋዴ ለአንዱ ገበሬ በትክክለኛው ኪሎ፣ ለሌላው 100 ግራም በተጨመረበት ኪሎ ቢመዝን፣ ገበሬውን ይውደደው ይጥላው አንጠይቅም። የምናነሳው የሚዛኑን ድንጋይ ነው።

አንድ ሰልፍ፣ ሁለት መፈክር

አብዛኛው ጥላቻ ቅልቅል ነው፤ ንጹሕ አድልዎም ንጹሕ ትችትም ብርቅ ነው። የአውስትራሊያዋን ጁሊያ ጊላርድን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ የመጀመሪያ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። ከዚያው ዓመት ምርጫ በፊት በምትመራው መንግሥት የካርበን ታክስ እንደማይኖር ተናግራ ነበር፤ በ2011 ግን መንግሥቷ ለካርበን ልቀት ዋጋ እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ሕዝብ በካንቤራ ሰልፍ ወጣ። «ቃልሽን አጠፍሽ» ማለት ፖለቲካ ነው፤ ቃሉን ያጠፈ ወንድም ይባላል። እዚያው ሰልፍ ላይ ግን «ጠንቋይዋን አስወግዱ» የሚል ጽሑፍ ተይዞ ነበር። ይሄ በወንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ላይ የማይወጣ መፈክር ነው። አንድ ሰው በቀኝ እጁ የመጀመሪያውን፣ በግራው ሁለተኛውን ሊይዝ ይችላል፤ የቀኙ እውነት መሆን የግራውን አያጸዳውም፣ የግራው ነውርም የቀኙን አይሽረውም። ስለዚህ «አድልዎ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ሰውየውን በጅምላ ከመፈረጅ፣ «ከዚህ ውስጥ የትኛው ክፍል?» ብሎ መሰንጠቅ ነው የሚያዋጣው።

ጥላቻውን ወረቀት ላይ ማውጣት

በአፍ የሚነገር ጥላቻ እንደ ጉም ነው፣ አይያዝም። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው፣ ሳይመካከር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ አምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። እያንዳንዷ «አልደግፋትም፣ ምክንያቱም…» ብላ ትጀምርና ሊታይ ወይም ሊሰማ በሚችል ነገር ትጨርስ። «ምክንያቱም አትመቸኝም» አይቆጠርም። «ምክንያቱም የቡና እጥበት ጣቢያዎች ፍሳሽ ወደ ወንዝ እንዳይገባ ምን እንደምታደርግ ስትጠየቅ መልስ አልሰጠችም» ይቆጠራል።

ከዚያ ወረቀቶቹን በአራት ክምር ለዩ። አንደኛው ሥራና ውሳኔ ነው፦ ያደረገችው፣ ያላደረገችው፣ የተናገረችው። ሁለተኛው ፓርቲና አቋም ነው። በእኛ አገር የአንድ የምርጫ ክልል የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ብዙ ድምፅ ላገኘው እጩ ስለሚሰጥ፣ ብዙ መራጭ ሰውየውን ሳይሆን ፓርቲውን አይቶ ነው ምልክት የሚያደርገው። ለፌዴራሉ ምክር ቤትም ሆነ ለጨፌ ኦሮሚያ የቀረበችን ሴት «የእሷን ፓርቲ አልመርጥም» ብሎ ማለፍ ከጾታ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ያው ፓርቲ በሌላ ምርጫ ክልል ያቀረበውን ወንድም የማይመርጥ ከሆነ። ሦስተኛው ወገን ነው፦ ብሔሯ፣ ሃይማኖቷ፣ የትውልድ ቀበሌዋ። ይህ ሌላ በሽታ ነው፣ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ብቻ «ጾታ አይደለም» ተብሎ እንደ ንጹሕ እንዳያልፍ። አራተኛው አኳኋን ነው፦ ድምፅ፣ ፊት፣ ልብስ፣ ትዳር፣ ልጅ፣ አነጋገር።

አድልዎ ቤቱን የሚሠራው በአራተኛው ክምር ነው። ከአምስቱ ሦስቱ እዚያ ከወደቁ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አንድ ብቻ ከሆነና እሷን ሲያወጧት ውሳኔው ካልተለወጠ፣ ነገሩ ቀላል ነው። አውጥቶ ማየት የሚባለው ይህ ነው፦ ያቺን ምክንያት ሰርዙና «አሁንስ እመርጣታለሁ?» በሉ። መልሱ ከ«አይ» ወደ «ምናልባት» ከዞረ ምሰሶው የተሰረዘው ምክንያት ነበር ማለት ነው።

በጅማ አራተኛውና ሦስተኛው ክምር የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ልብስ። ሂጃብ የለበሰች እጩ «ለሁሉም ሕዝብ አትሆንም» ትባላለች፣ ያልለበሰች ሙስሊም «ለራሷ ወግ ያልሆነች» ትባላለች። ጎኗ የተቀመጠውን ባለ ኮፍያ ወንድ ግን ስለ ኮፍያው የጠየቀው የለም። በሁለቱም በኩል የምትሸነፍበት ጥያቄ ካለ፣ ጥያቄው ራሱ የተሰበረ ሚዛን ነው።

ቃሉን ገልብጦ ማየት

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ብዙ ያጋልጣል። ያው ጠባይ ወንድ ላይ ሲያርፍ አንድ ስም፣ ሴት ላይ ሲያርፍ ሌላ ስም አለው። «ደፋር ነው» ለወንድ እጩ ምርቃት ነው፤ «ደፋር ናት» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ገደቧን ያለፈች፣ ዓይን አውጣ ማለት ነው። እሱ ኮስታራ ነው፣ እሷ ፊቷ አይፈታም። እሱ ተከራካሪ፣ እሷ ምላሰኛ። እሱ ነገር አዋቂ፣ እሷ ተንኮለኛ። «ሥልጣን ፈላጊ ናት» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ያስቃል፤ እጩ ሆኖ የተመዘገበ ሁሉ ሥልጣን ፈልጎ ነው የተመዘገበው፣ ካልፈለገ ምን ሊሠራ ተመዘገበ? ከሁሉም የሚብሰው ሙገሳው ነው። «ወንድ ናት!» ሲባል ተሞጋሿ ራሷ ደስ ሊላት ይችላል፤ ቃሉ ግን ጥንካሬ የወንድ ንብረት ሆኖ እሷ የተዋሰችው ያስመስላል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ከዚያው ጓዳ የወጣ ነው።

አሠራሩ ይኼ ነው። የተጻፈችውን ምክንያት ወስዳችሁ የሴቷን ስም በአንድ በምታውቁት ወንድ ፖለቲከኛ ስም ተኩ፣ ግሦቹንም ወደ ወንድ ቀይሩ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «አቶ እገሌን አልመርጠውም፣ ሚስቱ ትፈቅድለት እንደሆነ አላውቅም።» ሳቅ ከመጣ ምክንያቱ ወደቀ። «አቶ እገሌን አልመርጠውም፣ ስለ ቡና ዋጋ የተናገረው እርስ በርሱ ይጋጫል።» ማንም አልሳቀም፤ ምክንያቱ ቆሟል።

ይህ ዘዴ ሲበላሽ የሚበላሸው በተነጻጻሪው ምርጫ ነው። ሰው ሳያውቀው እሷን ከሚያደንቀው ምርጥ ወንድ ጋር ያወዳድራታል። ተነጻጻሪው በዕድሜ፣ በሥራ ደረጃና በልምድ የሚቀርባት፣ ከተቻለም የዚያው ፓርቲ ሰው መሆን አለበት። የመጀመሪያ ጊዜዋን የምትወዳደር እጩ ከመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ተወዳዳሪ ጋር እንጂ 20 ዓመት ሥልጣን ላይ ከኖረ ሰው ጋር አትመዘንም።

ስለ ድምፅ አንድ ቴክኒካዊ ነገር እንጨምር። «ትጮኻለች፣ ጆሮ ትበሳለች» የሚለው ቅሬታ ግማሹ የድምፅ ማጉያው ጥፋት ነው። መኪና ላይ የሚታሰረው የቀንድ ቅርጽ ያለው ማጉያ ወፍራሙን የድምፅ ክፍል ቆርጦ ቀጭኑንና ስሉን ያጎላል። ወፍራም ድምፅ በዚያ ሲያልፍ ይሳሳል፣ ቀጭን ድምፅ ግን ይወጋል። የብሪታንያዋ ማርጋሬት ታቸር ድምጿን ለማወፈር አሠልጣኝ ቀጥራ የተለማመደችው ወድዳ አይደለም። ስለዚህ በቅስቀሳ መኪና የሰማችሁትን እጩ በጆሮ ማዳመጫ እንደገና ስሟት፣ ወይም ንግግሯን በጽሑፍ አንብቡ። የቀረው ቅሬታ የይዘት ቅሬታ ነው።

«እሳቸው» የሚባል መጋረጃ

ስምን መቀየር ጥሩ ነው፤ መሸፈን ደግሞ ይበልጣል። አማርኛ ግሡ ሁሉ ወንድና ሴት ስለሚለይ መሸፈኑ የሚያስቸግር ይመስላል፤ መውጫው ግን እዚያው ቋንቋው ውስጥ አለ። በአክብሮት አነጋገር ጾታ ይጠፋል። «እሳቸው ተናገሩ፣ ሠሩ፣ አቀዱ» ሲባል ሴት ይሁኑ ወንድ አይታወቅም። በአፋን ኦሮሞም «ኢሳን» የሚለው የአክብሮት አጠራር እንዲሁ አይለይም፤ በሁለቱ ቋንቋ ለሚወያይ የጅማ ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ለእያንዳንዱ እጩ ከ120 እስከ 150 ቃል የሚሆን መግለጫ በእሳቸው ጻፉ፦ ትምህርት፣ ሥራ፣ ያከናወኑት፣ ያቀዱት፣ ለአንድ አስቸጋሪ ጥያቄ የሰጡት መልስ። ስም፣ ወይዘሮ፣ አቶ፣ የልጆች ቁጥር ይውጣ። የሚያጋልጡ ትንንሽ ምልክቶችን ተጠንቀቁ፤ «የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ኃላፊ ነበሩ» ከተባለ መጋረጃው ተቀደደ፣ «የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ ነበሩ» ይባል። ሁሉም መግለጫ በርዝመት መመጣጠን አለበት፤ ረጅሙ ሁልጊዜ የተሻለ ሰው ያስመስላል።

በነገራችን ላይ ይኸው የአክብሮት አጠራር ሌላ ፈተናም ይሆናል። አንድ የክርክር መድረክ ላይ ቁጭ ብላችሁ ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ ቁጠሩ፦ አወያዩ ወንዶቹን ስንት ጊዜ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» አለ፣ እሷን ስንት ጊዜ «አንቺ» አለ? ስንት ጊዜ ንግግሯ ተቋረጠ? በዕድሜ ልጅ ከሆነች «አንቺ» መባሏ ብቻውን ንቀት አይደለም፤ እኩያዋ የሆነው ወንድ «አንተ» ከተባለ ሒሳቡ እኩል ነው። እሱ እርስዎ፣ እሷ አንቺ ከሆኑ ግን ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም።

መስፈርቱ ከሰዎቹ ይቅደም

ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኡልማንና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት አለ። ለፖሊስ አዛዥነት ሁለት አመልካች፣ አንዱ ማይክል አንዷ ሚሼል፤ አንደኛው የመንገዱን ኑሮ ያወቀ፣ ሌላኛው የተማረ። ማን የትኛው እንደሆነ እየተቀያየረ ለመዛኞች ቀረበ። ወንዱ የተማረ ሲሆን መዛኞቹ «ለዚህ ሥራ ትምህርት ወሳኝ ነው» አሉ፤ የተማረችው እሷ ስትሆን የትምህርት ክብደት ቀነሰ። ለዓይን ግን ይህ ሴትን መናቅ ሳይሆን ስለ ሥራው ማሰብ ይመስላል። መስፈርቱን አመልካቾቹን ሳያዩ አስቀድመው እንዲወስኑ ሲደረግ ግን አድልዎው ጠፋ።

በእኛ ሰፈር ይህ ሲተረጎም፦ ወንዱ ዲግሪ ካለው «ዘመኑ የዕውቀት ነው»፣ እሷ ዲግሪ ካላት «ወረቀት ሕዝብ አይመራም»። እሱ አገር ቤት ያደገ ከሆነ «ሕዝቡን ያውቃል»፣ እሷ ከሆነች «አዲስ አበባን እንኳ አታውቅም»።

ለቡና ቀማሽ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሲቀምስ ስኒው ላይ ያለው ቁጥር ነው፣ የአምራቹ ስም አይነገረውም፤ መዓዛና አሲድነት የሚመዘኑበት ቅጽም ከመቅመሱ በፊት የተዘጋጀ ነው። ሰውንም እንዲሁ፦

በአቦል ጊዜ መስፈርት ብቻ ይወጣል። የማንም ስም አይነሳም። አምስት መስፈርት፣ ድምር 100 ነጥብ። ለምሳሌ የሥራ ታሪክ 25፣ የአካባቢውን ችግር ማወቅ 25፣ የዕቅዱ ግልጽነትና የገንዘቡ ምንጭ 20፣ ቃልና ተግባር መግጠም 20፣ ከሰው ጋር ተስማምቶ መሥራት 10። ቁጥሩን ቡድኑ ይቀይረው፣ ግን በእስክርቢቶ ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርም። «ግርማ ሞገስ»፣ «ብስለት»፣ «መሪ መምሰል» የሚሉ መስፈርቶች አይግቡ፤ እነዚህ ባዶ ጆንያዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ የፈለገውን ይከትባቸዋል። «ብስለት» የሚል ሰው ካለ «ይህ ማለት ምን ሲያደርግ የሚታይ ነው?» ይባል፤ ከመለሰ መልሱ መስፈርት ይሁን።

በቶና ጊዜ በእሳቸው የተጻፉት መግለጫዎች ሀ፣ ለ፣ ሐ እየተባሉ ይነበባሉ። አንባቢው አንድ ሰው ይሁን፣ ድምፁን አይለዋውጥ። ሁሉም ለየብቻው ነጥብ ይስጥ፤ «እቺማ የእገሌ ናት» የሚል ሹክሹክታ ከተሰማ ያ መግለጫ ከፍተሻው ይውጣ።

በበረካ ስሞቹ ይገለጣሉ። ነጥቡን መቀየር የፈለገ ይቀይር፣ ነገር ግን አሮጌው ቁጥር ሳይጠፋ አጠገቡ ምክንያቱን ይጻፍ። ከዚያ አቅጣጫውን ተመልከቱ። ለውጦቹ ወደላይም ወደታችም ተበታትነው ከሆነ ሰዎቹ አዲስ መረጃ አስታውሰው ነው። የሴቶቹ ሁሉ ወርዶ የወንዶቹ ከወጣ ወይም ከቆመ፣ ለምን እንደሆነ አብረን እንነጋገር። በስምንት ሰው ወረቀት የሦስትና የአራት ነጥብ ልዩነት ምንም አይናገርም፤ ከዕድል የሚመጣ ነው። ማንንም በዚህ ቁጥር «አድሎኛ» ብሎ መፈረጅ የፈተናውን ዓላማ ማበላሸት ነው።

እጩዎቹ የሰፈር ሰዎች ሆነው መሸፈን ካልተቻለስ? አንድ የፈጠራ መግለጫ ጻፉና ለግማሹ ሰው በሴት ግሥ፣ ለግማሹ በወንድ ግሥ ስጡ፤ አማካዩን አነጻጽሩ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቡናውን በዚያ ቀን ወንዶች ይቁሉ፣ ያፍሉ፣ ይቅዱ። ረከቦቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት ስትቆላና ስትቀዳ ከዋለች አትጽፍም፣ አትመዝንም፤ ስለ ሴት እጩ የሚወያየው ቤት ከመጀመሪያው አንዲት መራጭ አጎደለ ማለት ነው።

ሥልጣኗ ምን ያህል ነበር?

«ተሹማ ምን ሠራች?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ከመጠየቁ በፊት ግን ወንበሩ ምን እንደሚያሠራ ማየት ያስፈልጋል። ሳህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ብዙ ተጠበቀ፣ በኋላም «ምንም አላደረጉም» ተባለ። ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዚዳንቱ የሚሰጠው የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ መክፈት፣ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ማወጅ፣ አምባሳደር መሾም፣ ይቅርታ ማድረግና የመሳሰለውን ነው፤ አስፈጻሚው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ከእሳቸው በፊት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስና ሙላቱ ተሾመ በዚያው ወንበር ተቀምጠዋል። ራሳችሁን ጠይቁ፦ እነሱንስ በዚያው ጥያቄ ወጥራችኋቸው ነበር? አዎ ካላችሁ ትችታችሁ ስለ ወንበሩ ነው፣ ይቀጥል። ያኔ ትዝ ያላላችሁ ጥያቄ አሁን ብቻ ከመጣ ልዩነቱን ፈልጉት።

ሌላው ምሳሌ ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ምርጫ ቦርድን ሲመሩ፣ ለነሐሴ 2012 ታስቦ የነበረው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ተላልፎ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ። «መተላለፍ አልነበረበትም» ማለት ይቻላል፤ የሕግም የፖለቲካም ክርክር አለው። «ሴት ስለሆነች ፈርታ ነው» ያለ ሰው ግን ክርክሩን ትቶ ሌላ ቤት ገብቷል። ፍርሃት ተብሎ የተነገረላቸው ሴት በፖለቲካ ምክንያት ሁለት ጊዜ ታስረው የወጡ ናቸው፤ ይህን ማስታወስ አይጎዳም።

በደግነት የሚመጡ ማሳሳቻዎች

«እኔ እመርጣት ነበር፣ ሕዝቡ ግን አይቀበላትም።» ይህ ከሁሉም የተስፋፋው ነው፤ ተናጋሪው ንጹሕ ሆኖ አድልዎውን ለጎረቤቱ ያሸክማል። አሥር ሰው እንዲህ ብሎ ሲያስብ የማይቀበላት «ሕዝብ» እነዚያው አሥሩ ይሆናሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «ሕዝቡ» ያለ ሰው የሦስት ሰው ስም ይጥቀስና ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ታሪክም ብዙ አያግዘውም። ሴት የመምረጥና የመመረጥ መብቷ በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዘመን እንደመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ስንዱ ገብሩ ሕዝብ መርጧቸው ፓርላማ ገብተዋል። በዚሁ በጅማ ቤተ መንግሥት፣ በጅሬንም፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር እናት ጉሚቲ በመንግሥት ጉዳይ የሚደመጡ ሴት ነበሩ።

ሕዝብ ሲያይ ይለምዳል የሚለውም እንዲሁ ወሬ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የመንደር ምክር ቤት መሪነትን አንድ ሦስተኛ ለሴቶች በዙር መደበች። በምዕራብ ቤንጋል ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች አንድ ዓይነት ንግግር በወንድና በሴት ድምፅ አስቀድተው ለመንደርተኛ አሰሙ። ሴት መሪ አይቶ በማያውቅ መንደር ወንዶች የሴቷን ንግግር ዝቅ አድርገው መዘኑት፤ ሴት መሪ ባየ መንደር ግን ይህ ንቀት ጠፋ። ልብ በሉ፣ «ወንድ ቢሆን እመርጣለሁ» የሚለው ስሜታቸው አልተለወጠም፤ የተስተካከለው ሚዛናቸው ነው።

«እኔ ሴት አልንቅም፣ እናቴንና ሴት ልጄን…» ለሚለው ደግሞ ሞኒንና ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት አለ፦ በመጀመሪያ ሴትን የሚያንቋሽሽ አባባል እንዲቃወሙ ዕድል የተሰጣቸው ሰዎች፣ ቀጥሎ ለሥራ ሲመርጡ ይበልጥ ወደ ወንዱ አደሉ። ያለፈ መልካም ሥራ እንደ ይለፍ ወረቀት አገለገለ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የዛሬዋ እጩ ብቻ ትመዘን፣ ምስጋናችን ሌላ ጊዜ ይነገራል።

«እናት ስለሆነች አትሰርቅም»፣ «ሴት ሰላም ታመጣለች» የሚለውም በዚሁ ይገባል። ሲሰማ ማር ነው። ነገር ግን ለስላሳ እንድትሆን የተሾመች ሴት፣ አንድ ቀን ቆምጨጭ ብላ በጀት የከለከለች ዕለት ከወንዱ እጥፍ ትጠላለች። ለሴትነቷ ብቻ የሚሰጥ ነጥብም ለወንድነቱ እንደሚሰጠው ነጥብ ከመስፈርቱ ወረቀት ውጭ ነው። በምክር ቤት ሴት አንሷልና ይብዛ ብሎ መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በግልጽ እንደ መስፈርት ይጻፍ፣ ነጥቡ ይታወቅ፣ ሰው ይከራከርበት።

«ሴት ስለሆነች ነው» ማለት የማይገባበት ጊዜ

ደጋፊዎችም ሚዛን ይሰብራሉ። እጩዋ ስለ ውሃ መስመር ተጠይቃ ሳትመልስ ቀርታ፣ ጠያቂውን «ሴት ስለምትጠላ ነው» ብሎ ዝም ማሰኘት ጥያቄውን አይመልሰውም፣ ቃሉንም ያረክሰዋል፤ ነገ እውነተኛ ንቀት ሲመጣ የሚሰማ አይኖርም። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ለይዘቱ መልስ ስጡ፣ ከዚያ ያው ሰው ወንዱን ተወዳዳሪ ይህን ጠይቆ እንደሆነ አጣሩ፣ ካልጠየቀ ያንን ልዩነት ብቻ በቁጥር ወይም በቀን ጠቅሳችሁ ተናገሩ።

ሰውን ፊት ለፊት ሲያነጋግሩም «አንተ ሴት ጠል ነህ» በር ይዘጋል። ለአዛውንት «አባባ፣ ለአቶ እገሌስ ይህን ይጠይቁት ነበር?» ማለት ይበቃል፤ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። ለጓደኛ «ምን ብታደርግ ትመርጣት ነበር?» የሚለው ከሁሉም ይሻላል። ሊፈጸም የሚችል ነገር ከጠቀሰ ተቃውሞው የሥራ ነው። «ምንም ብታደርግ» ካለ ግን ነገሩ ከሥራዋ ውጭ ነው፤ ያው ሰው «ፓርቲውን ስለማልመርጥ» ካላለ በቀር።

አለመውደድን መናገር ወንጀል አይደለም፤ ሰውን በጾታው ለይቶ ለጥላቻ፣ ለመድልዎ ወይም ለጥቃት ማነሳሳት ግን በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከለከለ ነው፣ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት አለው። ዛቻ ወይም የተቀነባበረ ፎቶ በስልክ ሲዘዋወር ካያችሁ እየሰደባችሁ አታስተላልፉ፤ ማስተላለፍ ራሱ ማሰራጨት ነው። የስክሪኑን ምስል ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነገጹ አድራሻ አስቀርታችሁ ለእጩዋ ቢሮ ስጡ፤ እሷ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ምርጫ ቦርድ ትወስደዋለች።

የተፈረመበትን የመስፈርት ወረቀት አትቅደዱት። በፖስታ ታሽጎ አንድ ሰው ቤት ይቀመጥ። ምርጫው ካለፈ ከስድስት ወር በኋላ፣ ያሸነፈው ወንድም ሆነ ሴት፣ በዚያው ወረቀትና በዚያው 100 ነጥብ እንደገና ይመዘን፤ ቡናውን የሚያፈላው ተረኛ ከወዲሁ ይታወቅ።